አሥር ደቂቃ ስለ ብርድ ልብስ

በደብረ ታቦር የአገሪቱን የሽያጭ ታክስ ለማሻሻል የተነሣው የበጎ ፈቃደኞች ንቅናቄ ሦስት አባላት ነበሩት። አንዷ እኔ ነኝ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ሦስት ክር ምን እንደሚያስር ግን የነገረን የለም። እኛም አልጠየቅንም።

የምተዳደረው ከዞኑ መሥሪያ ቤቶች ፊት ለፊት ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ፎቶ ኮፒ እያነሣሁና ማመልከቻ እየጻፍሁ ነው። የሰው ብሶት አንድ ሰዓት ሙሉ አዳምጣለሁ፤ ከዚያ «ጉዳዩ፦» ከሚለው ቃል ጎን በአንድ መስመር አሳጥረዋለሁ። የጻፍሁት ማመልከቻ ሁሉ መልስ አግኝቶ ቢሆን ኖሮ ይኼ ዞን እስካሁን ገነት በሆነ ነበር። ስለዚህ በማመልከቻ አገር ይቀናል ብሎ የሚያምን ሰው ሲመጣ እጽፍለታለሁ እንጂ አብሬው አልሰለፍም። አንድ ጊዜ ብቻ ተሳሳትሁ።

ያሳሳቱኝ የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ መምህሬ ናቸው። አሁን ጡረተኛ ናቸው። ከመቶ ስንት የሚባለውን ነገር ያስተማሩኝ ጆሮዬን እያሹ ስለሆነ እስከ ዛሬ መቶኛ ሳሰላ ግራ ጆሮዬን ይበላኛል።

ካቻምና ባለቤታቸው ታመው ሆስፒታል ተኙ። የጉና ልጅ ነበሩ፤ በብርድ ተወልደው በብርድ ያደጉ። በመጨረሻ ግን ብርዱ አሸነፋቸውና «በረደኝ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አጡ። መምህሩ ገበያ ወጥተው ወፍራም ብርድ ልብስ ገዙ። ነጋዴው ደረሰኝ ቆረጠላቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ጨምድዶ ኪሱ ይከተው ነበር፤ የሒሳብ መምህር ግን ያነባል። ዋጋው በአንድ መስመር፣ ከመቶ አሥራ አምስቱ በሌላ መስመር ተጽፏል።

«ለብርድም ታክስ አለው?» አሉ።

«ለብርዱስ የለውም መምህር፤ ለመከላከያው ነው» አላቸው ነጋዴው።

ባለቤታቸው ያንን ብርድ ልብስ የለበሱት አሥራ አንድ ቀን ነው። ከዚያ ሞቱ። አርባቸው ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ መምህሩ ሱቄ መጥተው ተቀመጡና ለምክር ቤት የሚላክ ማመልከቻ እንድጽፍላቸው አዘዙኝ። አልለመኑኝም፣ አላማከሩኝም፤ አዘዙኝ። እኔም እንደ ሰባተኛ ክፍል ተማሪ ጻፍሁ፦ «ጉዳዩ፦ ብርድ ልብስና ሳሙና ከሽያጭ ታክስ ነፃ እንዲሆኑ ስለመጠየቅ።»

«ሳሙናው ደግሞ ከየት መጣ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«በብርድ ልብስ ብቻ ቆላው አይፈርምልንም» አሉ።

በዚህ ፖለቲካዊ ብስለት ተሸንፌ አባል ሆንሁ። ሦስተኛው አባል ያ ብርድ ልብስ የሸጠላቸው ጨርቅ ነጋዴ ነው። መስጊዱ አጠገብ ሱቅ ያለው፣ ቀልድ የማያልቅበት ሙስሊም ሰው ነው። የእሱ ምክንያት አጭር ነበር፦ «ታክሱን የሚወስደው መንግሥት፣ የምሰደበው እኔ። ቢያንስ አንዱን ያካፍሉኝ።»

ሥራችንን በቅዳሜ ገበያ ጀመርን። ነጋዴው ሳይሸጡ የቀሩ ካናቴራዎች ሰጠን፤ ደረታቸው ላይ የሆነ የእግር ኳስ ውድድር ስለታተመባቸው ገልብጠን ለበስናቸው። ድምፅ ማጉያ የተጫነበት ባጃጅም ተገኘ፤ ግን የአይጥ መርዝ ከሚያስተዋውቅ ሰው ጋር በጋራ ነው። እሱ አምስት ደቂቃ ስለ አይጥ ይናገራል፣ መምህሩ አምስት ደቂቃ ስለ ታክስ። ሕጉ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይለዋል፣ ነጋዴው ቫት ይለዋል፤ ገበሬው ግን «ዋጋ ጨመረ» ብሎ ነው የሚያውቀው፤ ስለዚህ መምህሩ ከሥር ከመሠረቱ ማስረዳት ነበረባቸው። እስከ ቀትር ድረስ ሕዝቡ በሚገባ ተረድቶ ብዙ የአይጥ መርዝ ገዛ።

ከዚያ ወንዛዬ ወረድን። ለመምህሩ ጉልበት ፍል ውኃ ታዞላቸው ነበርና አንድ ጥይት ለሁለት ወፍ አሉ። ሰው አንገቱ ድረስ ሙቅ ውኃ ውስጥ ገብቶ ተነሥቶ አይሸሽም ብለው አስበዋል፤ እውነትም አልሸሸም። በወንዶቹ በኩል ሆነው ስለ መቶኛ ሲያስተምሩ ድምፃቸው እኛ ሴቶቹ ጋ ይሰማ ነበር። አንድ ሽማግሌ «ኧረ አንቱ፣ እኛ የመጣነው ለወገብ ነው» ሲሏቸውም ሰምቻለሁ። እኔ በበኩሌ ጥቂት ፊርማ፣ ለሪህ የሚሆን ሦስት ዓይነት ቅጠልና አንድ የባል ጥቆማ አገኘሁ። ፊርማዎቹን የፈረሙት እጃቸው ሳይደርቅ ስለሆነ ቀለሙ ፈሶ ወረቀቱን ድንጋይ ላይ ከገላ ልብሴ ጋር አሰጣሁት። ሲደርቅ የማን ፊርማ የማን እንደሆነ መለየት አልተቻለም።

በዚህ መሀል እውነተኛ ዕድል መጣ። ከአዲስ አበባ ልዑክ መጥቶ ስለ ታክስ ከሕዝብ ጋር ሊወያይ ነው ተባለ። መድረኩን የሚያዘጋጀው ወጣት ኃላፊ የመምህሩ የድሮ ተማሪ ነበር። አክብሮ አስቀመጠንና «መምህር፣ አሥር ደቂቃ እሰጥዎታለሁ» አላቸው። በአንድ ነገር ግን አልተለሳለሰም፤ ጥያቄው የከተማ ሰው ጥያቄ ብቻ እንዳይባል የደጋው ገበሬ ስም፣ ቀበሌ፣ የመታወቂያ ቁጥርና ፊርማ ያለበት ስድስት ሙሉ ገጽ እስከ ወሩ የመጨረሻ ዓርብ ማምጣት አለብን። ያለዚያ አሥር ደቂቃው ለሌላ ይሰጣል።

መምህሩን እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። በየቀኑ ሱቄ እየመጡ ቆመው ንግግራቸውን ይለማመዳሉ፤ እኔ ሰዓት እይዛለሁ። ሁልጊዜ አሥር ደቂቃውን ያልፋል። የሚያልፍበትንም ቦታ አውቀዋለሁ። ሆስፒታሉ ጋ ሲደርሱ፣ ብርድ ልብሱን ገዝተው ሲመለሱ፣ ባለቤታቸውን ሲያለብሷቸው፣ እዚያ ላይ ዝም ይላሉ። መስኮቱን እያዩ ዝም ይላሉ፤ የኔ ሰዓት ግን ይሄዳል።

«ሌላው ሁሉ ጥሩ ነው» አልኋቸው አንድ ቀን። «ዝምታውን ብንቀንሰው ይበቃናል።»

ይኼን ያልሁት እኔ ነኝ። የሰውን ብሶት በአንድ መስመር እያሳጠርሁ ስለኖርሁ ሙያዬ መስሎኝ ነው።

«ሌላውን እኮ ከጋዜጣም ያገኙታል» አሉኝ። «የኔ ዝምታው ብቻ ነው።»

መንገዱ ክፍት በሆነበት ሳምንት፣ እዚያ ያለውን ደብር ወርኃዊ በዓል ጠብቀን ጉና ወጣን። በሚኒባስ እስከ ተራራው እግር ድረስ ሄድን፤ ከዚያ በኋላ በእግር ነው። ነጋዴው በቅሎ ተከራይቶ ብርድ ልብስ ጭኗል፤ ሰው ያላየውን ነገር አይፈርምም ባይ ነው። የገብሱን ማሳ አልፈን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስንቃረብ ነፋሱ ካናቴራዬን አልፎ አጥንቴን ነካው። ብርድ ልብስ እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ነው ብሎ ሕግ ያረቀቀው ሰው እዚህ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ሕጉን ትቶ በቅሎዋን ያቅፍ ነበር።

ሥራ ተከፋፈልን። ነጋዴው ከቅጥሩ በር ውጭ ብርድ ልብሱን ዘረጋ፤ እኔ አጠገቡ ሁለት ካርቶን ይዤ ቆምሁ። በአንዱ ላይ ዋጋው ከታክሱ ጋር፣ በሌላው ያለታክሱ ተጽፏል። የማስተማሪያ ዘዴው የመምህሩ ነው። ደገኞቹ መጥተው ብርድ ልብሱን ዳሰሱ፣ ሁለቱን ካርቶን አስነበቡኝና በአንድ ቃል ተስማሙ።

«እንግዲያ በትንሹ ዋጋ አንድ ስጠኝ» አለ አንድ ጎልማሳ።

«እሱ ሕጉ ሲሻሻል ነው ወንድሜ» አለ ነጋዴው።

«ሕጉ መች ይሻሻላል?»

«ኢንሻአላህ አንድ ቀን።»

«እሰይ፤ ታዲያ ብርዱንም እስከዚያው ጠብቀኝ በልልኛ» ብሎ ጥሎን ገባ።

መምህሩ ግን ውስጥ ነበሩ። የደብሩ ቄስ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ደግ ሰው፣ ከደጀ ሰላሙ ጥግ አንድ ጠረጴዛ ሰጥተዋቸዋል። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ብዕርና የጣት አሻራ ቀለም አስቀምጠው ተቀምጠዋል። ቅዳሴ እንዳለቀ በበሩ አጮልቄ ሳይ ዓይኔን አላመንሁም። ሰልፉ ከጠረጴዛው ተነሥቶ ግቢውን ዞሮ የድንጋይ አጥሩ ጋ ደርሷል። አሮጊቱ፣ ሽማግሌው፣ ያዘለችው፣ በምርኩዝ የቆመው፣ ሁሉም ተራውን ይጠብቃል። በቅዳሜ ገበያ በድምፅ ማጉያ ለምነን ያላገኘነው ሕዝብ እዚህ በጸጥታ ተሰልፏል። ለነጋዴው «ገበሬው ነቅቷል!» አልሁት። እንዲያውም ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ብርዱ ነው ብዬ ዋሸሁ።

ስድስቱም ገጽ ሞላ። ስንወርድ እኔና ነጋዴው ምክር ቤት የገባን ያህል እንፎክራለን፤ መምህሩ ግን ቃል አልተነፈሱም። ጉልበታቸው መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ዝርዝሩን በኮምፒዩተር ልገለብጥ ሱቄን ከፍቼ ተቀመጥሁ። የመጀመሪያው ስም ወልደ ብሎ ይጀምራል። ሁለተኛው ወለተ። ሦስተኛው ገብረ፣ አራተኛው ወለተ፣ አምስተኛው ኃይለ። ገጹን ገለበጥሁ፤ ወልደ፣ ወለተ፣ ወለተ፣ አመተ። የአባት ስም የሚባል ነገር የለም። የቀበሌው ዓምድ ባዶ፣ የመታወቂያው ዓምድ ባዶ። ፊርማው ላይ አሻራ አለ። ከብዙዎቹ ስሞች ጎን ደግሞ በመምህሩ ንጹሕ እጅ ጽሑፍ ትንሽ መስቀል ተሠርቷል።

ያኔ ሁሉም ገባኝ። ለመንግሥት የምንጠራበት ስም አለን፤ ለጸሎት የምንጠራበት የክርስትና ስም ሌላ ነው። በበዓል ቀን፣ ነጠላ ያጣፋ ሽማግሌ ደጀ ሰላሙ ጥግ ወረቀት ይዞ ከተቀመጠ ምን እንደሚጽፍ የማያውቅ የጉና ሰው የለም። ያቺ ጠረጴዛ በየወሩ የሚጸለይላቸው ሰዎች ስም የሚጻፍባት ጠረጴዛ ናት። ሰዉ የራሱን የክርስትና ስም ሰጥቷል፣ የሞቱበትንም ሰጥቷል። መስቀሉ የሙታን ምልክት ነው። መቁጠር ጀመርሁና ተውሁት፤ ከንቅናቄያችን ደጋፊ የሚበዛው አፈር ከለበሰ ቆይቷል። ላም አለኝ በሰማይ ይባል የለ፤ እኛም ደጋፊ አለን በሰማይ።

ወረቀቱን ይዤ እየነደድሁ ወደ መምህሩ ቤት ሄድሁ። ያንኑ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል።

«ይኼን ሲጽፉ ዓይንዎ የት ነበር?» አልኋቸው። እንዲህ ብዬ ተናግሬያቸው አላውቅም።

አልተቆጡም። «መጀመሪያ የመጡት አንዲት አሮጊት ናቸው» አሉ ቀስ ብለው። «ስምዎን አልሁ፤ የክርስትና ስማቸውን ነገሩኝ። መታወቂያ አለዎት ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ ‹እሱ ያውቀኛል› አሉ። ከዚያ ‹የልጄንም ጻፉልኝ› አሉኝ። ልጅዎ ራሱ መጥቶ ይፈርም ልል ነበር። ስሙን ጠሩና ዝም አሉ።» መምህሩም ዝም አሉ። «ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ ልጄ። እማማ፣ ይኼ የታክስ ጉዳይ ነው፣ የሞተ አይፈርምም ልበላቸው? ጻፍሁ። የአንዱን ጽፌ የሌላውን እንዴት ልመልስ?»

«አሥር ደቂቃውስ?»

ብርድ ልብሱን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉት። እኔ ግን አላበቃሁም፤ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው» ብዬ በሩን ሳልዘጋ ወጣሁ።

ሱቄ ተመልሼ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወርሁት። የመጨረሻው ገጽ ወደ ላይ ሆኖ ወደቀ። የመጨረሻው መስመር ላይ መስቀል የተሠራበት የአንዲት ሴት የክርስትና ስም አለ። ያንን ስም በባለቤታቸው ቀብር ላይ፣ ፍትሐቱ ሲደገም ሰምቼዋለሁ። ከስሙ ጎን፣ ሌላው ሰው ሁሉ አሻራ ባሳረፈበት ዓምድ፣ ረጅም የተጠማዘዘ ፊርማ አለ። ከሰባተኛ ክፍል ካርዴ ላይ የማውቀው ፊርማ ነው። ተቀመጥሁ። ፎቶ ኮፒ የፈለጉ ሁለት ሰዎች ሲመጡ ማሽኑ ተበላሽቷል አልኋቸው፤ የተበላሸሁት እኔ ነበርሁ። በራሴ አፈርሁ።

ዓርብ ለት ይቅርታ ጠይቄያቸው አብረን ገባን። ወጣቱ ኃላፊ ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠ፤ ፊቱ እየተለወጠ ሄደ።

«እነዚህ ሰዎች ቀበሌያቸው የት ነው?» አለ።

«ግማሾቹ ጉና ናቸው» አልሁት፤ «ግማሾቹ ከጉና በላይ።»

ሊስቅ ብሎ ተወው። «መምህር፣ ይኼን ይዤ ስብሰባ ብገባ ይስቁብኛል» አለ። እውነቱን ነው። አሥሩ ደቂቃ ለአደባባዩ አበባ እንዲተከል ለሚጠይቅ ኮሚቴ መሰጠቱን በትሕትና ነገረን። አበባውስ ምን አደረገ፤ ታክስም የለበትም።

መምህሩ «ልክ ነህ ልጄ» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። «ወረቀቱን መልስልኝ። ያልተጠራ ስም አለበት።»

ስም ተቀብሎ አለማስጠራት ለእሳቸው ሌብነት ነው። በሚቀጥለው ወር በዓል ሦስታችንም እንደገና ጉና ወጣን። በዚህ ጊዜ ካናቴራም ካርቶንም አልያዝንም። ነጋዴው እንደ ልማዱ ከበሩ ውጭ በቅሎዋን ይዞ ቁጭ አለ። መምህሩ ስድስቱን ገጽ ለቄሱ ሰጥተው ከወንዶቹ ጋር ቆሙ፤ እኔ ከሴቶቹ ጋር።

ቅዳሴው እንዳለቀ ቄሱ መነጽራቸውን አደረጉ። መስመር መዝለል የማያውቁ ሰው ናቸውና ያነበቡት ከላይ ጀምረው ነው። «ጉዳዩ፦» አሉ በዚያ በቅዳሴ በሻከረ ድምፅ፤ «ብርድ ልብስና ሳሙና ከሽያጭ ታክስ ነፃ እንዲሆኑ ስለመጠየቅ።»

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልሁት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

«አሜን!» አለ ሕዝቡ።

በልማድ አለ ብዬ ነበር፤ ከጎኔ ያሉት አሮጊት ግን አልጠገቡም፤ «አሜን፤ በተለይ ብርድ ልብሱ» ብለው ጨመሩበት። ቄሱ ቀጠሉ። አንድ በአንድ፣ የቆመውንም የተቀበረውንም፣ ጠሯቸው። መስቀል ያለበት ስም ጋ ሲደርሱ ከግቢው የሆነ ጥግ «ነፍስ ይማር» የሚል ድምፅ ይወጣል፤ የማን ሰው እንደሆነ በዚያ ይታወቃል። ሰዓቴን መያዜን ያወቅሁት በሁለተኛው ገጽ ላይ ነው፤ እጄ ለምዶ ኖሯል።

የመጨረሻውን ስም ሲጠሩ መምህሩ ነፍስ ይማር አላሉም። ቄሱ ሌላ ገጽ ያለ መስሏቸው ወረቀቱን ገለበጡ፤ ባዶ ነው። ቀና ብለው መምህሩን አዩና ወረቀቱን አጥፈው ጠበቁ። ግቢው ሁሉ ጠበቀ። ከበሩ ውጭ ነጋዴው ቆሞ አየሁት። መምህሩ ሱቄ ውስጥ መስኮቱን እያዩ ዝም እንደሚሉት ዝም አሉ፤ ቆይተው፣ ቆይተው፣ ነፍስ ይማር አሉ። ሕዝቡም ተከተላቸው።

ሰዓቴን አየሁት። ከነዝምታው አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ነበር። አሳጥሩ ያለ ሰው አልነበረም።